«እግረ መንገዴን ዶክተር…»፦ ስለ ብሽሽት እበጥ፣ ስለሚያመጣው ጣጣና ስለ ቀዶ ሕክምናው

(ደሴ ላይ ለእድር ዳኞች፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለጤና ተማሪዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች አንዳንድ ቦታ አስተካክዬዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ።

ቅድም ወደዚህ ከመውጣቴ በፊት አንድ የእድር ዳኛ ጠጋ ብለው፣ «ዶክተር፣ ይኼንን ሴቶች በተቀመጡበት ልታወራው ነው እንዴ?» አሉኝ። «አባ፣ እኔን የባሰ የሚያስፈራኝ የሴቶቹ ነው» ብያቸው ገባሁ። እንዳልገባቸው ከፊታቸው ያስታውቅ ነበር። እደርስበታለሁ።

ነገሩ ስሙ ብዙ ነው። እኛ ሄርኒያ እንላለን። ገጠር ቡአ ይሉታል፤ ያለበትን ሰው ደግሞ «ቡአም» ብለው ይሰድቡበታል። ስድብ ስለሆነ ማንም ተነሥቶ «አለብኝ» አይልም። ታካሚዎቼ «እበጥ ቢጤ»፣ «ያቺ ነገር»፣ «ከታች በኩል» ነው የሚሉኝ። አንዳንዱ ስለ ወገቡ ሕመም አሥር ደቂቃ ሙሉ ያወራኝና፣ ካርዱን ይዞ በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ «እግረ መንገዴን ዶክተር…» ይላል። ይቺን ቃል ስሰማ መጋረጃውን እስባለሁ። ሰውየው የመጣው ለእሷ ነው።

በግ ሲታረድ አላየሁም የሚል ወሎየ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ይኖራል ብዬ አላስብም። ሆዱ ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው ሞራው ነው፤ ያ እንደ ነጠላ ስስ ሆኖ አንጀቱን ያለበሰው ስብ። አንዳንዶቻችሁ አያቶቻችሁ ሲያነቡት አይታችኋል። እኛም ሞራ አለን። ከሥሩ ስድስት ሜትር ገደማ የሚሆን ቀጭን አንጀት ቀን ከሌት ይገላበጣል። ይህን ሁሉ ሰብስቦ የያዘው የሆድ ግድግዳ ነው፤ ጡንቻና ጡንቻውን ከጡንቻ የሚያያይዝ ነጭ ጠንካራ ሽፋን። ስልቻ በሉት። ስልቻ ደግሞ የሚተረተረው ስፌቱ ላይ ነው።

ወንድ ልጅ ላይ ያ ስፌት ከጥንቱም የተነካካ ነው። የዘር ፍሬው መጀመሪያ የሚፈጠረው ሆዱ ውስጥ፣ ኩላሊቱ አጠገብ ነው። ገና በማሕፀን ሳለ የሆድ ዕቃውን ልባስ እንደ ካልሲ ከኋላው እየጎተተ በብሽሽቱ በኩል ቁልቁል ይወርዳል። ከወረደ በኋላ ካልሲው መዘጋት ነበረበት፤ የማይዘጋለት ሞልቷል። የቀኙ ፍሬ ከግራው ዘግይቶ ስለሚወርድም ቀኝ ብሽሽት ላይ ይበዛል። እንግሊዝ አገር በተሠራ ስሌት ከ100 ወንዶች 27ቱ በዕድሜ ዘመናቸው ለብሽሽት ሄርኒያ ቀዶ ሕክምና ይደርሳሉ፤ ከ100 ሴቶች 3ቱ። በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰው ለዚሁ ይሠራል። ስለዚህ አጠገባችሁ የተቀመጠውን ሰው እንዳትታዘቡት፤ ከእናንተም ውስጥ አለ።

የኮምቦልቻ ጫኝና አውራጆች «ኩንታል ተሸክሜ ነው የተበጠስኩት» ይሉኛል። ኩንታሉ የሳሳውን ቦታ አጋለጠው እንጂ ብቻውን አልቀደደውም። በዘር የሚመጣ የልባስ መሳሳት አለ። ሥር የሰደደ ሳል አለ። ሽማግሌ ሰው ሽንቱ አልወርድ ብሎት ሲያምጥ አለ። የሆድ ድርቀት አለ፤ ጫት ድርቀትን እንዴት እንደሚያባብስ እዚህ አገር ላለ ሰው ማስረዳት ግን ድፍረት ይሆንብኛል።

መጀመሪያ ላይ እበጧ ጨዋ ናት። ጧት ከመኝታ ስትነሣ የለችም። ቆመህ ስትውል ትመጣለች። ስታስል ጣትህን ገፋ ታደርጋለች። ማታ ጋደም ብለህ ስትጫናት ጉርርር ብላ ትገባለች። ያ ጉርርር አንጀትህ ነው፤ አንጀት ነው ከቤቱ እየወጣ የሚገባው። አሥር ዓመት፣ ሃያ ዓመት እንዲህ ይኖራል። ሰው ደግሞ የለመደውን ነገር በሽታ ብሎ አይጠራም።

ከዚያ አንድ ቀን አልገባም ትላለች። አንዳንዴ ሞራው ከከረጢቱ፣ ማለትም አብሮት ከወጣው ልባስ ጋር ተጣብቆ፣ ሳያም እንዲሁ ተቀርቅሮ ይቀራል፤ ይህ ቀጠሮ የሚሰጠው ነው። አንዳንዴ አንጀቱ ታጥፎ ይዘጋል፤ ያን ጊዜ ምግቡም አየሩም ማለፊያ ያጣል፣ ሆድ ይነፋል፣ ቁርጠቱ መጣ ሄደት ይላል፣ ትውከት ይከተላል። ከሁሉም የከፋው መታነቅ ነው።

መታነቅን እንዲህ አስቡት። ጣታችሁን በክር ጠበቅ አድርጋችሁ ብታስሩ መጀመሪያ ነጭ አይሆንም፤ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ቀጥሎ ይጠቁራል። ደም የሚያመጣው ሥር ጠንካራ ነው፣ ክሩን ተቋቁሞ ያስገባል። የሚመልሰው ሥር ስስ ነው፣ ቶሎ ይጨፈለቃል። ይገባል፣ አይወጣም። አንጀቱ ባበጠ ቁጥር ቀለበቱ፣ ማለትም የወጣበት ቀዳዳ፣ ይጠብበታል፤ ቀለበቱ በጠበበው ቁጥር ያብጣል። መጨረሻ ላይ የሚያስገባውም ሥር ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ጊዜው የሚቆጠረው በሰዓት ነው፤ ስድስት ሰዓት ብላችሁ ያዙት። የሞተ አንጀት ይበሳል፣ ውስጡ ያለው ቆሻሻና ተህዋስ ወደ ሆድና ወደ ደም ይሄዳል።

ምልክቱን እዚህ ያላችሁ ሁሉ ይዛችሁልኝ እንድትሄዱ እፈልጋለሁ። ትገባ የነበረችው እበጥ አልገባም ብላ ከጠጠረች፣ ስትነካ ካመመች፣ ሰውየው ካስመለሰው፣ ሆዱ ከተነፋ፣ ፈስ እንኳ አልወጣ ካለው (ሳቁ፣ ሳቁ፤ እኔ ግን በየጧቱ ታካሚዎቼን የምጠይቀው እሱን ነው) ያ ሰው ሆስፒታል መሄድ አለበት። ነገ አይደለም፤ አሁኑኑ። ቆዳው ከቀላ ወይም ከጠቆረ፣ ትኩሳት ካለው ደግሞ ቀድሞውንም ዘግይተናል። በተለይ አንድ ነገር አያታላችሁ፦ ሲያጣጥር ያደረው ሰው በድንገት «ተሻለኝ» ቢልና እበጧ ግን እንደጠጠረች ብትሆን፣ የተሻለው ላይሆን ይችላል። የሞተ አንጀት ሕመሙ ይቀንሳል።

እስኪ ውስጡን ላሳያችሁ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው እንበል። ብሽሽቱን ከፍተን ከረጢቱ ጋ ደርሰናል። ከረጢቱን ጫር ስናደርገው መጀመሪያ የሚወጣው ውኃ ነው። ገለባ የመሰለ ቢጫ ከሆነ ትንፋሽ እናገኛለን፤ ቡናማ ሆኖ ከሸተተ ነርሷም እኔም ቀና ብለን እንተያያለን። ከዚያ አንጀቱን በእጃችን ይዘን ነው ቀለበቱን የምንቆርጠው፤ ካመለጠን ሾልኮ ወደ ሆድ ይገባና ደህና ይሁን ሙት ሳናይ ይቀራል። የወጣው አንጀት ጠቆር ያለ ነው። በሞቀ የጨው ውኃ የተነከረ ጨርቅ እንጠቀልልበታለን፤ የሰመመን ባለሙያው ኦክስጅኑን ከፍ ያደርጋል። እንጠብቃለን። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ። ክፍሉ ውስጥ የሚያወራ ሰው የለም፤ የሚሰማው የልብ መከታተያው ድምፅ ብቻ ነው። ጨርቁን ስንገልጥ ቀለሙ ወደ ሮዝ ተመልሷል? በጣት ነካ ሲያደርጉት ይሸመቀቃል? ከአንጀቱ ጋር በተያያዘው ስስ ገበር ላይ ያሉት ትንንሽ ሥሮች ይመታሉ? እንዲህ ከሆነ ወደ ቤቱ እንመልሰዋለን። እንደጠቆረ፣ ውልውል እንዳለ ከቀረ እንቆርጠዋለን፤ ሁለቱን ጤነኛ ጫፍ እንገጥማለን። የቀጠሮ ቢሆን አንድ ሰዓት ገደማ የሚፈጀው ሥራ እዚህ ላይ ሌላ ሥራ ሆነ።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ የስዊድን የሄርኒያ መዝገብ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመው ጥናት፣ በቀጠሮ የተሠራው ሰው የሞት አደጋ ከሌላው ሕዝብ አልበለጠም፤ በድንገት በተሠራው ላይ ግን ከሌላው ሕዝብ 7 እጥፍ አድጎ ነበር፤ አንጀት ከተቆረጠ ደግሞ 20 እጥፍ። ያ እንግዲህ መንገዱም አምቡላንሱም የተሟላለት አገር ነው።

አንድ የከብት ነጋዴ ቀጠሮ ሰጥቼው ነበር። «ዶክተር፣ ሰኞ ባቲ ገበያ አለብኝ፤ እሱ ይለፍና» አለኝ። አለፈ። ሌላ ሰኞ መጣ፣ እሱም አለፈ። በስንተኛው ሰኞ እንደሆነ እንጃ፣ አንድ ማክሰኞ ሌሊት በአይሱዙ ተጭኖ መጣ። ክንድ የሚያህል አንጀት ቆረጥንለት። ዳነ፣ አልሐምዱሊላህ። ግን ብዙ ቀን ተኛ፤ በቀጠሮው ቢመጣ በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። ሲወጣ «ስንት ሰኞ አለፈኝ» ብሎ ሲያሰላ ሰማሁት።

አሁን ወደ ሴቶቹ። አባ፣ ይስሙኝ።

ከብሽሽት መታጠፊያው ዝቅ ብሎ፣ የጭን ደም ሥር ከሚመታበት ወደ ውስጥ፣ ሌላ ጠባብ ቀዳዳ አለ። በዚያ በኩል የሚወጣው የጭን ሄርኒያ ይባላል። ሴቶች ላይ፣ በተለይ በወለዱና በገፉ እናቶች ላይ ይበዛል። እበጡ ትንሽ ነው፣ ሎሚ አይሞላም። ቀለበቱ ግን በአጥንትና በጅማት የታጠረ ስለሆነ አይለጠጥም። እንግሊዝ አገር የተሠራና እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ ጥናት፣ የጭን ሄርኒያ በወጣ በ3 ወር ውስጥ የመታነቅ ዕድሉ 22 በመቶ፣ በ21 ወር 45 በመቶ ነው ይላል። የተለመደው የወንዶቹ በ3 ወር 2.8 በመቶ ነው። ሴትየዋ ደግሞ ብሽሽቷን ለባሏም አታሳይ፣ እንኳን ለሐኪም።

ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ ነው። የት እንደሆነ ይቅር። አንዲት እናት ሦስት ቀን ሲያስመልሳቸው ከርሞ መጡ። ሆዳቸውን በቀሚሳቸው ላይ ነካ ነካ አደረግኩ። ተራው ረጅም ነበር፣ እሳቸውም ቀሚሳቸውን ጥብቅ አድርገው ይዘዋል፣ እኔም ላስገድዳቸው አፈርኩ። «ጨጓራ ነው» ብዬ ኦሜፕራዞል ጻፍኩ። በማግሥቱ ተመልሰው መጡ፤ ተረኛው ከእኔ በዕድሜም በዕውቀትም የሚበልጥ ሐኪም ነበር። መጋረጃውን ስቦ፣ አንዲት ነርስ አጠገባቸው አቁሞ፣ «እናቴ፣ ይፍቀዱልኝ» ብሎ ቀሚሱን ገለጥ አደረገ። ሎሚ የምታህል እበጥ፣ ቀኝ ጭናቸው ሥር። ከአንጀቱ ግድግዳ በአንድ ጎን ያለው ብቻ ነበር የተያዘው። እንዲህ ሲሆን አንጀቱ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ ምግቡ በጎን እያለፈ ቁራሹ ይሞታል፤ ለዚያ ነው ሆዳቸው ብዙ ያልተነፋው። ተቆርጦ ተቀጠለላቸው፣ ተረፉ። እኔን ሲያዩኝ ምንም አላሉኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ተማሪዎች፣ የሚያስመልሰውን ሰው ሁሉ፣ ሴትም ይሁን ወንድ፣ ብሽሽቱን ሳታዩ እንዳትሸኙ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ እናንተ ደግሞ ከእኔ ይልቅ ቀሚስ የሚገለጥላችሁ ናችሁ።

ብሽሽት ላይ ያበጠ ሁሉ ሄርኒያ አይደለም፤ ይህን በአጭሩ ልለፈው። የዘር ፍሬ ከረጢት ውኃ ሲቋጥር ጨለማ ክፍል ውስጥ ባትሪ ከኋላው ብታበሩበት እንደ ፋኖስ ቀይ ሆኖ ይበራል፤ አንጀት አብዛኛውን ጊዜ አይበራም፣ ሕፃን ላይ ግን ይበራልና እንዳትሞኙ። እግር ሲቆስል የሚያብጥ ንፍፊትም አለ። ወጣት ልጅ የዘር ፍሬው በድንገት ካመመውና ካበጠ ግን ፍሬው ተጠማዞ ሊሆን ይችላል፤ እሱም የሰዓታት ጉዳይ ነው።

ተማሪዎች ከዚህ በፊት «ምልክት ከሌለው እየተከታተሉ መቆየት ይቻላል ተብለን ተምረናል» ብላችሁኛል። እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የአሜሪካኖች ጥናት አለ፤ 720 ወንዶች፣ ሄርኒያቸው ብዙም የማያስቸግራቸው። ግማሹን ሠሩ፣ ግማሹን ጠበቁ። ከጠበቁት ውስጥ በድንገት የተቀረቀረበት በዓመት ከ1000 ሰው 2 አይሞላም። ጥሩ ዜና ነው፣ አልክደውም። ነገር ግን ሕመሙ እየበዛባቸው በ10 ዓመት ውስጥ ከ100 ሰው 68ቱ ዞረው ቀዶ ሕክምናውን ጠየቁ። ጥናቱ ስለ ሴቶችም፣ ስለ ጭን ሄርኒያም፣ እስከ ጉልበት ስለወረደ እበጥም አይናገርም።

እኔ ደግሞ የምጨምረው አለኝ። ያ ጥናት የተሠራው ሲታነቅ ቶሎ ቀዶ ሕክምና ክፍል በሚደርስ ሰው ላይ ነው። የእኛን ቁጠሩልኝ። ከመኪና መንገድ ርቆ ካለ የደጋ ቀበሌ፣ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ እበጧ አልገባም አለች። «ይነጋል» ተብሎ ይታደራል። ሲነጋ ወጌሻ ይጠራል፣ በቅቤ ያሸዋል። እኩለ ቀን ላይ ያስመልሰዋል። ጎረቤት ተሰብስቦ ቃሬዛ እስኪሠራ ዘጠኝ ሰዓት። ቁልቁለቱን ወርዶ፣ አቀበቱን ወጥቶ መኪና መንገድ ሲደርስ ጨልሟል። ጤና ጣቢያ፣ ሪፈር፣ አምቡላንስ። ደሴ ሲደርስ ሃያ አራት ሰዓት አልፏል። ቅድም ስድስት ብላችሁ ያዙልኝ አልኳችሁ። ስለዚህ እዚሁ ደሴ፣ ቶሳ ተራራ ሥር ለሚኖር የቢሮ ሠራተኛ፣ «እንከታተለው» እለው ይሆናል። ሆስፒታል ለመድረስ ቃሬዛ የሚያስፈልገውን ገበሬ ግን መኸሩ አልፎ፣ ገብስ ተወቅቶ፣ እጁ ሲፈታ በቀጠሮ እሠራዋለሁ፤ እበጧ አላስቸገረችኝም ቢለኝም። መጽሐፉ «ጠብቅ» ሲል የቃሬዛውን መንገድ አልቆጠረም። ይህን ስል የሚቃወሙኝ ባልደረቦች አሉ፤ ተራው ረጅም ነው፣ አልጋው ጥቂት ነው ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ግን ያው አልጋ ላይ ለሳምንት የሚተኛው በሌሊት የመጣው ነው።

ስለ ወጌሻ። አልንቃቸውም፤ የወለቀ ትከሻ ሲመልሱ አይቻለሁ። የታነቀ እበጥ ግን አይታሽም። እኛም አንዳንዴ በእጅ እንመልሳለን፤ ጊዜው አጭር ከሆነ፣ ማስታገሻ ሰጥተን፣ ከወገብ በታች ከፍ አድርገን፣ ቀስ ብለን፣ ከዚያም ሰውየውን አንለቀውም። በኃይል ሲገፋ የሞተ አንጀት ሊፈነዳ ይችላል። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ አንጀቱ ከነማነቂያው ወደ ውስጥ መግባቱ ነው፦ ከውጭ እበጧ ጠፋች፣ ቤተሰቡ እልል አለ፣ ውስጥ ግን እንደታነቀ ነው።

አሁን ወደ ጥገናው። ጣሊያን ሲባል ደሴ ትዝ የሚላት በኅዳር 1928 ዓ.ም. ከሰማይ የወረደባት ቦምብ ነው፤ ሆስፒታል ሳይቀር ነው የተመታው። ከጣሊያን ግን ኤዶዋርዶ ባሲኒ የሚባል ሐኪምም ወጥቷል። ወጣት ሳለ ከጋሪባልዲ ወገን ዘምቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1867 ሮም አጠገብ በሳንጃ ተወጋ። የት? ቀኝ ብሽሽቱ ላይ። አንጀቱ ተነክቶ ቁስሉ ሰገራ እያፈሰሰ ቆየ፣ ዳነ። ይኸው ሰው ነው እ.ኤ.አ. በ1884 ፓዱዋ ላይ የብሽሽትን ግድግዳ በየንጣፉ ለይቶ መስፋት የጀመረው። ከእሱ በፊት ሄርኒያ ተሠርቶም ደጋግሞ ይመለስ ነበር።

የባሲኒ አሰፋፍ አንድ ችግር አለበት። አራዳ ያሉትን ልብስ ሰፊዎች ጠይቁ፤ የተቀደደ ሱሪ ጠርዝና ጠርዙን ስበህ ብትሰፋው ሲቀመጥ ይተረተራል። ከሥሩ ጨርቅ ብትጥፍበት ይይዛል። ሊክተንስታይን የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያደረገው ይኼንኑ ነው፤ ሳይጎትት፣ ከፕላስቲክ ክር የተሠራ ወንፊት መሰል ጨርቅ፣ ሜሽ የምንለውን፣ ጣፈበት። ሥጋው በቀዳዳዎቹ ውስጥ አድጎ ከጨርቁ ጋር አንድ ይሆናል። አይበሰብስም፣ አይወጣም። ዛሬ አዋቂ ሰው ላይ ዋናው መንገድ ይህ ነው። በካሜራ የሚሠራም አለ፤ ለሴቶችና በሁለቱም ወገን ላለበት ሰው ይመረጣል፣ ግን መሣሪያውም ልምዱም ያለበት ቦታ ይፈልጋል። አንጀት ተቆርጦ ቦታው ሲበከል ደግሞ ሜሹን ትተን ወደ ስፌት እንመለሳለን።

ሜሽ ውድ ነው፣ ይጠፋልም። ኡጋንዳ ውስጥ 302 ወንዶች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት አለ። ለግማሾቹ ፋብሪካ የሠራውን ሜሽ፣ ለግማሾቹ ከአጎበር ጨርቅ የተቆረጠ። አዎ፣ የወባ አጎበር። በአንድ ዓመት ውስጥ የተመለሰበት ከአጎበሮቹ አንድ ሰው፣ ከሌሎቹ ማንም። እንግዲህ ከቆቦና ከባቲ የመጣችሁ፣ ቤት ሄዳችሁ አጎበራችሁን እንዳትቀዱብኝ። ያኛው መድኃኒት ያልተነከረ፣ ዓይነቱ የተመረጠ፣ በእንፋሎት የተቀቀለ ነው።

ማደንዘዣውን ብዙ ሰው ከቢላው በላይ ይፈራዋል። አብሽሩ። ትንሽ ሄርኒያ በቦታው ሊዶካይን ተወግቶ፣ ሰውየው እያወራን ይሠራል። አብዛኛውን የምንሠራው በወገብ በሚሰጥ መርፌ ነው። እስከ ጉልበቱ የወረደበት ሰው ግን ሌላ ነው፤ ለዓመታት ውጭ የኖረ አንጀት በአንድ ጊዜ ሲመለስ ሆድ ይሞላል፣ ሳምባ ይጨነቃል፣ ስለዚህ ዝግጅት ይፈልጋል።

ከተሠራ በኋላስ? ማታውኑ መራመድ አለበት። ሽንት ሊይዝበት ይችላል፣ ቦታው ደም ሊቋጥር፣ ሊያመረቅዝ ይችላል። ከ10 ሰው አንዱ ገደማ ወራት የሚዘልቅ ሕመም ያስቀርበታል፤ ነርቭ ስለሚያልፍበት ነው፣ ይህንን ቀድመን መንገር ይገባናል፣ ሁሌም አንነግርም። ወንዶች ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚጠይቁኝ አለ፦ «ወንድነቴስ?» ምንም አይሆንም። የዘር ፍሬ የደም ሥሩ ተጎድቶ የሚሟሽሽበት አለ፣ ጥቂት ነው፤ ሲታነቅ ግን ፍሬውም አብሮ ይታነቃል።

እድሮች፣ የእናንተን ሥራ ልንገራችሁ። እበጧ ከጠጠረች ምግብም ውኃም አይሰጠው፣ ሻይም ቢሆን፤ ወደ ቀዶ ሕክምና የሚሄድ ሆድ ባዶ ይሁን። በጀርባው ይተኛ። ቃሬዛው የሚሠራው ያኔ አይደለም፣ ዛሬ ነው፤ ለቀብር ተዘጋጅቶ እንደሚቀመጠው ሁሉ። ጤና ጣቢያው ሳትነሡ ይደወልለት፣ አምቡላንሱ መኪና መንገድ ላይ ይጠብቅ። የጤና መድን ካርዱን ያዙ፤ ካርዱን ፍለጋ ከመንገድ የተመለሰ ሰው አውቃለሁ። ዱአውም ጸሎቱም ቃሬዛው ሥር እየተሄደ ይደረግ።

ከዚህ በኋላ ጥያቄ ተቀበልኩ። አንድ አባት ስለ ቀበቶ ጠየቁኝ፤ ሃያ ዓመት በመቀነት አስረው ይዘዋታል። «መቀነቱ አይፈውስም፣ ቆዳውን ያሳሳል፤ አንጀቱ ወጥቶ ሳለ ከታሰረበት ደግሞ ያንቀዋል» አልኳቸው። «እና ልፍታው?» አሉኝ። «እዚህ አይፍቱት አባ፣ ማክሰኞ ተመላላሽ ክፍል ይምጡ» አልኳቸው፣ አዳራሹ ሳቀ፣ እሳቸውም ሳቁ። አንድ ወጣት ሞፈር መቼ እንደሚይዝ ጠየቀ፤ ቀላሉን ሥራ ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ፣ እርሻና ኩንታል ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቢቆይ ነው እኔ የምወደው።

የመጨረሻዋ ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እግር እናት ነበረች፣ ሕፃን አዝላለች። «ሲያለቅስ ያብጣል» አለች። የት እንደሆነ አላለችም፣ እኔም በሰው ፊት አልጠየቅኳትም። ለሁሉም ስለ ሕፃናት ተናገርኩ፦ እምብርት ላይ የወጣ እበጥ አብዛኛው ልጁ አራት አምስት ዓመት ሳይሞላው ራሱ ይዘጋል፣ ሳንቲም ማሰር አያስፈልገውም። ብሽሽት ላይ የወጣ ግን አይዘጋም፣ ሕፃን ላይ ቶሎ ይታነቃል፣ በተለይ ያለ ቀኑ በተወለደው ላይ፤ ቀጠሮው በሳምንታት እንጂ በዓመት አይሁን። ሥራውም ቀላል ነው፣ ያን ያልተዘጋ ካልሲ ማሰር ብቻ።

ሰው ሲበተን እሷ ቀረች። መጋረጃ ስላልነበረ ከአዳራሹ ጓሮ ሄድን፤ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነጠላዋን ዘርግታ ከለለችን። ልጁ ሲገለጥ በረደውና አለቀሰ። እምብርቱ ነበር። እንደገና አዘለችው።